ሆሚንግ አልሠራ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ሊሚት ስዊቹን (ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ የሚጫነውን ቁልፍ) አንዴ እንኳ ሳይነካ ሴቲንግ የሚቀያይር ሰው ሳይ አንጀቴ ያርራል። ሲኤንሲ ራውተሩ (በኮምፒውተር የሚታዘዘው መቁረጫ ማሽን) ሆም አላደርግም፣ ማለትም ስዊቹን ፈልጎ መነሻ ቦታውን አልይዝም ሲል ብዙዎች የሚሮጡት ወደ ኮምፒውተሩ ነው። የጂአርቢኤልን (የማሽኑን ቦርድ የሚመራውን ፕሮግራም) ቁጥሮች ይነካካሉ። $5ን (የስዊቹን ምልክት አነባበብ) ይገለብጣሉ። $23ን (የሆሚንጉን አቅጣጫ) ይቀይራሉ። $22ን (ሆሚንጉን ራሱን) አጥፍተው መልሰው ያበራሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው ችግር እንዳለ ሆኖ ሌላ ሦስት ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት ጭንቅ ነው።

እባካችሁ፣ መጀመሪያ ስዊቹን በጣታችሁ ተጫኑት! $21 (ስዊች ሲነካ ማሽኑን የሚያስቆመው) በርቶ ከሆነ ለጊዜው 0 አድርጉት፤ አለበለዚያ ገና ስትጫኑት አላርም 1 (ስዊች ተነክቷል) ብሎ ይቆለፋል። ከዚያ ለጂአርቢኤል የጥያቄ ምልክት (?) ላኩለት። የተጫነ ስዊች ካለ የአክሲሱን (የእንቅስቃሴ አቅጣጫውን) ፊደል፣ ኤክስ፣ ዋይ ወይም ዜድ፣ በመልሱ ውስጥ ያሳያችኋል። ስትጫኑት ፊደሉ መጥቶ ስትለቁት ከጠፋ፣ ስዊቹም ሽቦውም ደህና ናቸው። ሳትነኩት ታይቶ ስትጫኑት የሚጠፋ ከሆነ $5 ተገልብጧል። ኤክስን ተጭናችሁ ዋይ ከመጣ ገመዶቹ ተቀያይረዋል። ምንም ለውጥ ከሌለ ቴስተር አንሱና ሽቦውን ተከተሉ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሞተርም አይንቀሳቀስም።

ዜድ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ የተሰካበትን ፒን እዩ። ይህን የምለው ተቃጥዬበት ነው። አርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ ላይ በሚቀመጡት የቆዩ ሺልዶች (ተደራቢ ቦርዶች) የዜድ ሊሚት ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ፒን 11 ነው። ጂአርቢኤል 1.1 ግን 11ን ለስፒንድል (መቁረጫውን ለሚያሽከረክረው ሞተር) ፍጥነት ወስዶ ዜድን ወደ 12 አዛውሮታል። እኔ ጽሑፉን አምኜ ሁለት ቀን ሙሉ ደህናውን ስዊች ስፈታና ስገጥም ከረምኩ።

ሽቦውን ኤንኦ (ሳይጫን ክፍት የሆነው እግር) ላይ አታስሩ። ስዊቹ ሦስት እግር አለው፤ ኮምን (የጋራውን) እና ኤንሲን (ሳይጫን ዝግ የሆነውን) ተጠቀሙ። ኤንኦ ላይ ሽቦ ቢበጠስ ማሽኑ አያውቅም፤ ስዊቹን አልፎ ጫፍ ድረስ ሄዶ ይጋጫል። ኤንሲ ላይ ከሆነ ግን የተበጠሰው ሽቦ እንደተጫነ ስዊች ስለሚቆጠር ሆሚንጉ ገና ሲጀምር አላርም 8 (ባፈገፍግም ስዊቹ አልተለቀቀም) ይላል። $5ን 1 ማድረግ እንዳትረሱ።

አንድ ወዳጄ ሦስት ስዊች ገዝቶ ቀየረ። ሦስቱም "ተበላሹ"። ሆሚንጉ ሁሌም ይሳካል፤ ስፒንድሉ ተነስቶ ሥራ መሃል ሲደርስ ግን አላርም 1። ሄጄ ሳየው የስዊቹ ሽቦ ከስፒንድሉ ኬብል ጋር በአንድ የኬብል ሰንሰለት ታጭቋል። ስፒንድሉ የሚረጨውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ቦርዱ የስዊች ምልክት እየመሰለው ነው የሚቆመው። ሽቦዎቹን ለያየናቸው። ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) ያለው ኬብል አስገብተን ሺልዱን በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ አደረግነው። ቦርዱ አጠገብ በሲግናሉና በግራውንዱ መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አኖርን። ያ አሮጌ ስዊች ዛሬም ይሠራል። ስዊች ከመግዛታችሁ በፊት ስፒንድሉን አጥፍታችሁ ያንኑ ሥራ በአየር ላይ አስኪዱት፤ አላርሙ ከጠፋ ጥፋቱ የስዊቹ አይደለም።

አላርም 9 (ስዊቹ አልተገኘም) ሲመጣ $130፣ $131 እና $132ን (የየአክሲሱን ርዝመት) እዩ። ጂአርቢኤል ስዊቹን የሚፈልገው እዚያ የተጻፈውን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሄዶ ነው። ከመጀመሪያው የተጻፈው 200 ከሆነ 300 ሚሊሜትር ሄዶ ተስፋ ይቆርጣል። ማሽናችሁ 600 ከሆነ ከሩቅ ጫፍ ተነስቶ መቼም አይደርስም።

ሽቦው ደህና ሆኖ አላርም 8 ካለ $27 (ከስዊቹ የሚያፈገፍግበት ርቀት) አንሶ ይሆናል። 1 ሚሊሜትር ማፈግፈግ ረጅም ምላስ ላለው ስዊች አይበቃም፤ 3 አድርጉት።

ሆም ሲያደርግ ማሽኑ ከስዊቹ ከሸሸ ጥፋቱ የ$23 ነው። ግን ከኮምፒውተሩ ራሳችሁ ስታንቀሳቅሱትም የተገላቢጦሽ የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ $3ን (የሞተሩን አቅጣጫ) አስተካክሉ።

ስዊቹን ማቆሚያ አታድርጉት። ጋንትሪው (ተንቀሳቃሹ ድልድይ) ምላሱን ገፍቶ ማለፍ የሚችልበት ቦታ ይኑረው።

ሰጋቱራውን ጥረጉ። በተለይ ኤምዲኤፍ ከቆረጣችሁ ዱቄቱ ምላሱ ሥር ገብቶ ይጠጥራል፤ ስዊቹም ተጭኖ ይቀራል። እኔ በየሥራው ማግስት በቀጭን ብሩሽ አጸዳዋለሁ።