ቤተሰብ ይዞ ፕላኔታሪየም ሲኬድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ልጆችን ፕላኔታሪየም ይዞ መሄድን የመሰለ ሽርሽር ጥቂት ነው። ውጭ ፀሐይ ቢወጣም ዝናብ ቢጥልም፣ ውስጥ ጉልላት በሆነው የአዳራሹ ጣሪያ ላይ በኮከብ የተሞላ ሰማይ ይጠብቃችኋል። ችግሩ ብዙ ቤተሰብ ሲኒማ እንደሚገባ ሆኖ መግባቱ ነው። ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚያ ነው።

በቴሌስኮፕ እናያለን ብሎ መሄድ

ልጁ ቴሌስኮፕ ጠብቆ ከሄደ ማኩረፉ አይቀርም። እዚያ የሚታየው በፕሮጀክተር ጉልላቱ ላይ የሚበራ የሰማይ ምስል ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራው የመጀመሪያው የዛይስ ኩባንያ ፕሮጀክተር ጀርመን ውስጥ ለሰው የታየው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ቴሌስኮፕ የሚገኘው እውነተኛው ሰማይ በሚጠናበት ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ ነው። ሁለቱም አንድ ግቢ ውስጥ ያሉበት ቦታ ስላለ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁና ለልጁ እውነቱን ንገሩት።

ልክ በሰዓቱ መድረስ

ብዙ ፕላኔታሪየሞች ትርዒቱ ከጀመረ በኋላ ሰው አያስገቡም። ይህን የሚያደርጉት ለተመልካቹ ዓይን ብለው ነው። ጨለማ ስንገባ የዓይናችን ብሌን ወዲያው ይሰፋል፤ ደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት የዓይን ህዋሳት ግን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። በሩ ተከፍቶ ብርሃን ከገባ ልፋታቸው መና ይቀራል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ልጆቹም ሽንት ቤት ሄደው ይግቡ።

ትንሹን ልጅ ለጨለማው አለማዘጋጀት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ የስክሪኑ ብርሃን ፊት ላይ ያርፋል። እዚህ ግን ክዋክብቱ ሲወጡ አጠገብ ያለች እናት እንኳ ላትታይ ትችላለች። የሦስት ዓመት ልጅ "እማዬ የት ነሽ?" ብሎ ቢጮህ ምን ይደንቃል? ማንም አልነገረውም።

ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ቀናት አንድ ምሽት ቤት ውስጥ ሞክሩት። አብራችሁ ተቀመጡና መብራቱን አጥፉ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ትንሽ ቆይታችሁ "በሩ ታየህ? ወንበሩስ?" እያላችሁ ጠይቁት። ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉለት፣ ዓይን ጨለማን እንደሚለምድ በገዛ ዓይኑ ያያል። እዚያ ስትደርሱም ከመውጫው አጠገብ ተቀመጡ፤ አስተናጋጁንም ሕፃን እንደያዛችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ካለቀሰ ይዛችሁት ውጡ። "ጎበዝ ልጅ አይፈራም" ማለት ፍርሃቱን አያጠፋውም። በዓመቱ ተመልሶ መምጣት ይቻላል።

ፊት ወንበር ላይ መሻማት

ወንበሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩ ከሆነ ፊት መቀመጥ አንገት ያደክማል፤ ከኋላችሁ ያለው ሰማይም ያመልጣችኋል። ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ ብትሉ ይሻላል። አዳራሹ ክብ ሆኖ ወንበሮቹ መሃሉን የከበቡ ከሆነ ግን የትኛው ጎን እንደሚሻል ሠራተኞቹን ጠይቁ።

አንዳንድ ልጅ ምስሉ ሲሽከረከር ያቅለሸልሸዋል። ዓይኑ "እየበረርን ነው" ሲለው ውስጠኛው ጆሮው ደግሞ "ተቀምጠናል" ስለሚለው ነው። ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን ይጨፍን። ብዙውን ጊዜ ይተወዋል።

ብርሃን ይዞ መግባት

ስልክ ማጥፋትን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው እጅ በተነሳ ቁጥር የሚበራው ስማርት ሰዓትና ሲረገጥ የሚብለጨለጨው የልጆች ጫማ ነው። ልጅ ደግሞ እግሩን ማወዛወዝ አይተውም። ሌላ ጫማ አድርጉለት። በፍላሽ ፎቶ ማንሳት ጭራሽ አይሞከር፤ የፍላሹ ብርሃን ጉልላቱን ስለሚያነጣው ክዋክብቱ ፎቶው ላይ አይወጡም፣ የጎረቤታችሁም ዓይን ይታወራል።

ትርዒቱን በፖስተሩ መምረጥ

ፖስተሩን ሳይሆን ትርዒቱ ለየትኛው ዕድሜ እንደተዘጋጀ እዩ። ሁለት ምርጫ ካላችሁ ደግሞ ሰው በአካል ቆሞ የሚያስረዳበትን ምረጡ። የተቀረጸ ፊልም የልጅን ጥያቄ አይመልስም።

ሽርሽሩን ፈተና ማድረግ

"እስቲ ፕላኔቶቹን በቅደም ተከተል ጥራ" እያሉ ልጅን ማፋጠጥ ደስታውን ይገድለዋል። እኛም ብንሆን ዘጠኝ ብለን የተማርን ብዙ ነን። ፕሉቶ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ድንክ ፕላኔት ተብሎ ስለተመደበ፣ ልጁ "ስምንት ናቸው" ቢል ልክ ነው። ዝም ብላችሁ አብራችሁት ተገረሙ። ጥያቄውን እሱ ይጠይቅ።

ከትርዒቱ በኋላ ሰማዩን መርሳት

ስትወጡ አስረጂውን "ዛሬ ማታ ምን እንይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰማዩ ጥርት ካለ በዚያው ምሽት ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ክዋክብቱ ጉልላቱ ላይ እንዳዩት እንደማይበዙ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የከተማ መብራት አብዛኞቹን ይሸፍናቸዋል።

ጁፒተር የሚታይበት ወቅት ከሆነ ተራ ባይኖኩላር ይበቃል። እንዳይንቀጠቀጥ ክንዳችሁን ግድግዳ ወይም አጥር ላይ አስደግፉ። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎች ከጎኑ እንደ ነጥብ ተሰልፈው ይታያሉ። አንዳንዴ አንዱ ወይም ሁለቱ ከጁፒተር ፊት ወይም ጀርባ ስለሚሆኑ ሦስት ወይም ሁለት ብቻ ብታዩ አትደናገጡ። ልጁ የነጥቦቹን አሰላለፍ ወረቀት ላይ ይሳል፤ በማግስቱም በዚያው ሰዓት ደግሞ ይይ። ቦታ ቀይረው ያገኛቸዋል።