የመምህርነት ሥልጠና ሲመረጥ፦ ኮሌጅ፣ የትምህርት ዲግሪ ወይስ ፒጂዲቲ?

መምህር ለመሆን የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ሥልጠና ቶሎ እንደሚያልቅ ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ በየትኛው ዕድሜ ላይ የሚገኙ ልጆችን ማስተማር እንደሚፈልግ ነው፤ መንገዶቹ የሚለያዩት ከሁሉ በፊት በዚህ ነውና።

ከሕፃናት ጋር መዋል የሚወዱ ከሆነ በክልሎች ሥር ያሉትን የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ያስቀድሙ። «ለ»ን ከ«ሰ» እያምታታ የሚጽፍ የአንደኛ ክፍል ተማሪን በትዕግሥት ፊደል ማስለየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ከፍ ያለ ዲግሪ ስላለ ብቻ አይገኝም። ታላላቆችዎ የሚነግሩዎት «አሥር ሲደመር ሦስት» (ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት ኮሌጅ መማር) የቀድሞው አሠራር ስለሆነ፣ የአሁኑን የመግቢያ መስፈርት ከኮሌጁ ሬጅስትራር ይጠይቁ።

ለሁለተኛ ደረጃ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው እንደ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት የሚሰጠው የትምህርት ዲግሪ ሲሆን፣ የትምህርት ዓይነቱና የማስተማር ሥነ ዘዴው ጎን ለጎን ይሰጡበታል። ሁለተኛው በኬሚስትሪ፣ በሒሳብ ወይም በሌላ መስክ ከተመረቁ በኋላ ፒጂዲቲ፣ ማለትም ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚሰጠውን የማስተማር ዲፕሎማ፣ መጨመር ነው። ልባቸው ገና ላልቆረጠ ሰዎች እኔ የምመክረው ይህንን ነው፤ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ እንኳ ዲግሪው ሌላ የሥራ በር ይከፍትላቸዋል። ሆኖም ፒጂዲቲን ለቅጥር እንደሚያስፈልግ ወረቀት ብቻ ማየት ተማሪን መበደል ነው። ሞለኪውልን አሳምሮ የሚያውቅ ምሩቅ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ሲጽፍ ከኋላ ያሉት ተማሪዎች መከታተል ካቆሙ ቆይተው ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያርመው ልምድ ያለው መምህር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያይበት የተግባር ልምምድ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ሲያወዳድሩ ልምምዱ ስንት ሳምንት እንደሚቆይና ማን እንደሚከታተለው ይጠይቁ። በክረምት ብቻ ለመማር ካሰቡም ትምህርት ቤቶች በዚያ ወቅት ዝግ መሆናቸውን አይርሱ፤ ልምምዱ መቼና የት እንደሚካሄድ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

የግል ተቋም ከመረጡ የዕውቅና ፈቃዱን ራስዎ ያንብቡት። ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጅምላ ሳይሆን ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው፤ መደበኛ ወይም የርቀት መሆኑም ይለያል። ከመመዝገብዎ በፊት ደግሞ ሊቀጠሩበት ወዳሰቡት ክልል ወይም ከተማ ትምህርት ቢሮ ሄደው ያ ማስረጃ ለፈለጉት የክፍል ደረጃ ተቀባይነት እንዳለው ይጠይቁ፤ ከተመረቁ በኋላ ስለሚጠብቅዎት የሙያ ብቃት ምዘናም በዚያው ይረዱ።