ክቡ አልገጥም ያለኝ ሲኤንሲ

እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ቤቴ የሠራሁት ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) እንጨት ላይ ክብ ሲቆርጥ መነሻውና መድረሻው በ2 ሚሊ ይለያይ ነበር። መጀመሪያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ የላላ መሰለኝና አጠበቅኩት። ደግሜም አጠበቅኩት፤ ትርፉ የሞተሩን ኩሽኔታ ማስጮህ ብቻ ሆነ።

ማሽኑ አንድ ሚሊ እንዲሄድ ሞተሩ ስንት እርምጃ መሄድ እንዳለበት ሒሳቡንም እንደገና አየሁት። የቺንጋው ጥርስ ከጥርስ 2 ሚሊ ነው፣ ፑሊው (ሞተሩ ዘንግ ላይ ሆኖ ቺንጋውን የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ) ባለ 20 ጥርስ፣ ስለዚህ በአንድ ዙር 40 ሚሊ ይሄዳል። ሞተሩ በዙር 200 እርምጃ አለው፤ ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) እያንዳንዱን ለ16 ሲከፍለው 3200፣ ለ40 ሲካፈል በሚሊ 80 እርምጃ። ልክ ነው።

በመጨረሻ ፑሊውና የሞተሩ ዘንግ ላይ በማርከር አንድ መስመር አሰመርኩ። ቆርጬ ሳይ መስመሩ ተለያይቷል! ለካ ፑሊው ክቡ ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ዘንጉን በሞረድ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ አደረግኩት (የሞተሩን አፍ በፕላስተር ሸፍኑ፣ ውስጡ ማግኔት ስላለ የብረት ብናኝ ይስባል)፣ የፑሊውን ብሎን እዚያው ጠፍጣፋ ላይ አሳርፌ አጠበቅኩ፣ እንዳይፈታም የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አደረግኩበት። ቺንጋውን ግን መልሼ ትንሽ አላላሁት። አሁን ክቡ ይገጥማል።