የመመረቂያ ጽሑፍ ሲታተም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ያሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ መቆሚያ አይገኝባቸውም። እዚያ ወረፋ ላይ የወራት ልፋት ሲጠፋ ማየት ያማል። ይበልጥ የሚያናድደው ግን አብዛኛው ሊድን ይችል የነበረ መሆኑ ነው።

ቀዳሚው ስህተት በቫይረስ የተያዘ ፍላሽ ሰጥቶ «በቃ ፎርማት አድርገው» ማለት ነው። ፋይሎቹ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ወይም ፍላሹ ባዶ ከመሰለ፣ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ላይ የተያዘውን ቦታ እዩ። ባዶ የመሰለው ፍላሽ 2 ጊጋባይት መያዙን ካሳየ፣ ጽሑፋችሁ ተደብቆ እዚያው ሊሆን ይችላል። ሾርትከቱን አትክፈቱት፤ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው በዚያ ነው። ጥሩ አንቲቫይረስ ባለው ኮምፒውተር፣ በፎልደሩ መስኮት ላይ ቪው ውስጥ ሂደን አይተምስን (የተደበቁ ፋይሎችን) ምልክት አድርጉ። ካልታየ ኦፕሽንስ ገብታችሁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን አንሱ። አንዳንዴ ሁሉም ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገኛል። ሰነዶቻችሁን ብቻ ኮፒ አድርጉ፤ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሁለተኛው የፎንት ጣጣ ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የቆዩ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ነው ያስቀመጡት፤ ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር አማርኛው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ያኔ ፎንቱን ጭኖ ሁሉንም በመምረጥ ወደ እሱ መቀየር እኛ ጋ ሌላ ጥፋት ያመጣል፦ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ባለበት ገጽ ላይ ቁቤው (በላቲን ፊደል የተጻፈው ኦሮምኛ) ወደማይነበብ ግዕዝ ይለወጣል። የአማርኛውን ክፍል ብቻ ምረጡ። ግዕዝ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት) የራሱ ቦታ ስላለው፣ ከመጀመሪያው ኒያላ ወይም ኢብሪማ በተባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች መጻፍ ይሻላል። ለኅትመት ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ ገጹም ማውጫውም አይዛነፍም።

መብራትን በተመለከተ፣ ስታብላይዘር አለኝ ብሎ መተማመን ስህተት ነው። የኃይል መዋዠቅን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፑን አያቆይም፤ ያ ባትሪ ያለው የዩፒኤስ ሥራ ነው። ወርድ በራሱ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ስለሆነ፣ በኦፕሽንስ ወደ 1 ደቂቃ አውርዱት።

ቅጂውን ወደ ራሳችሁ ቴሌግራም ላኩ። ቴሌግራማችሁን በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ከከፈታችሁ ግን ሎግ አውት ሳታደርጉ አትውጡ፤ ከረሳችሁ ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ፣ ዲቫይስስ ገብታችሁ አስወጡት።