ካዲዝን በብስክሌት ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደቡብ ስፔን የምትገኘው ካዲዝ ደሴት ለመሆን ጥቂት የቀራት ከተማ ናት። ፊንቄያውያን የቆረቆሯት ይህች ጥንታዊ ወደብ ከየብስ ጋር የምትገናኘው በቀጭን የአሸዋ መሬትና በድልድዮች ብቻ ነው። ብስክሌተኞች የሚቸገሩት ብዙውን ጊዜ ይህን ሳያስቡ ሲመጡ ነው።

ርቀቱን አይቶ ነፋሱን መርሳት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ሌቫንቴ የሚባለው የምሥራቅ ነፋስ በጂብራልታር ሰርጥ ውስጥ ታፍኖ ስለሚያልፍ ጉልበቱ ይጨምራል፤ ደረቅና ሞቃት ነው፣ ከጀመረም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ፖኒየንቴ ደግሞ ከምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ የሚመጣ ቀዝቃዛና እርጥብ ነፋስ ነው። ስለዚህ ትንበያ ሲያዩ ከፍጥነቱ ይልቅ አቅጣጫውን ያስቀድሙ። ደርሶ መልሱን በፔዳል ለመሸፈን ከመወሰን ነፋሱ ከኋላ የሚገፋዎትን መንገድ ነድተው ሌላውን በባቡር መመለስ ይሻላል። ከሄሬስ በኤል ፑዌርቶ ዴ ሳንታ ማሪያና በሳን ፌርናንዶ አድርጎ ካዲዝ የሚገባው የአካባቢ ባቡር ብስክሌት ይጭናል።

የአሮጌው ከተማ ጎዳናዎች ጠባብና በረጃጅም ቤቶች የታጠሩ ስለሆኑ ውስጣቸው ነፋሱ አይሰማም። ከአንዱ ጎዳና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲታጠፉ ግን በድንገት ከጎን ይመታል። ጥግ ከመድረስዎ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፣ መሪውን በሁለት እጅ ይያዙ። ሻንጣ ካለዎት ዝቅ አድርገው ይሰሩት። ጎኑ ሰፊ የሆነ የካርቦን ቸርኬ ነፋሱን እንደ ሸራ ስለሚቀበል ለዚህ ከተማ አይመችም።

የስልኩን ካርታ በመኪና ምርጫ መከተል

እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው የ1812 ሕገ መንግሥት ድልድይ ምሰሶዎቹ 185 ሜትር ናቸው፤ ከሩቅ ሲታይ በጣም ያምራል። ሆኖም የተሠራው ለመኪና ነው፤ በብስክሌት አይሻገሩበትም። ካርታውን ወደ ብስክሌት ካልቀየሩት ግን ወደዚያው ሊመራዎት ይችላል። ጥሩው አማራጭ ከባሕሩ ማዶ ካለው ከኤል ፑዌርቶ የሚነሣው ጀልባ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያደርስዎታል። የብስክሌት ቦታው ውስን ስለሆነ ቀደም ብለው ይድረሱ። ነፋሱ ሲበረታ ጀልባው ሊሰረዝ ስለሚችል የባቡሩንም ሰዓት ይዘው ይሂዱ።

በቀጭንና በጠንካራ ጎማ መግባት

የአሮጌው ከተማ ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ ጠዋት የባሕር እርጥበት ሲያርፍበት ያንሸራትታል። ከ32 እስከ 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይመረጣል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ35 ሚሊሜትር ጎማ ላይ 3.5 ባር አካባቢ የአየር ግፊት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከተነፋ በድንጋዩ ላይ ይዘላል፣ በመታጠፊያም ይከዳል። ከፋሲካቸው በፊት ባለው የሕማማት ሳምንት ደግሞ ከሰልፎቹ ሻማ የሚንጠባጠበው ሰም መንገዱ ላይ ይጋገራል። እዚያ ላይ ፍሬን መያዝም ሆነ ብስክሌቱን አጋድሎ መታጠፍ አደገኛ ነው። ወርዶ መግፋት ይሻላል።

ጨውና አሸዋውን መናቅ

ሌቫንቴ የባሕር ዳርቻውን አሸዋ ወደ መንገድ ያመጣዋል፤ ዘይት የበዛበት ሰንሰለት ላይ ሲጣበቅ የማርሹን ጥርሶች ይበላቸዋል። ማታ በጨርቅ ይጥረጉት፤ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት አድርገው ትርፉን ያንሱ። ጨው ከነካው አስቀድመው በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። በኃይለኛ ግፊት አይጠቡት፤ ውኃው ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል።

ሰዓቱንና ሕጉን አለመጠየቅ

ሁለቱ የፊንቄያውያን የድንጋይ ሬሳ ሣጥኖች ያሉበት የካዲዝ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው። እነሱን ሳያዩ መመለስ ያሳዝናል። ብዙ ሱቆች፣ የብስክሌት ጠጋኞችም ጭምር፣ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ፤ ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ይያዙ። ከከተማ ውጪ ሄልሜት ግዴታ ነው። የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መንዳትም ሆነ የእግረኛ መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው። የአልኮል ገደቡም ለብስክሌተኛ ይሠራል። ሲያቆሙ ፍሬሙንና የኋላውን ጎማ አንድ ላይ፣ በጠንካራ የብረት ቁልፍ፣ ለብስክሌት በተተከለው ብረት ላይ ይቆልፉ፤ የቤት መስኮት ፍርግርግ ላይ አይሰሩ።