ካኬጂኩ ልትሰቅሉ ነው? መጀመሪያ ግድግዳውን ባዶ አድርጉ

አንድ ጓደኛዬ ቤቱ ውስጥ የጃፓን ዓይነት ሻይ ክፍል (ሻይ በሥርዓት ተዘጋጅቶ ለእንግዳ የሚቀርብበት) ሠራና ፎቶ ልኮ "እንዴት ነው ታዲያ?" አለኝ። ታታሚው (ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍ) ጥሩ፣ የብረት ማንቆርቆሪያው ጥሩ፣ ግድግዳው ላይ ግን አራት ካኬጂኩ ደርድሯል፣ ያው ካኬጂኩ ማለት ሲፈለግ ተዘርግቶ የሚንጠለጠል ሲበቃ ተጠቅልሎ ሳጥኑ የሚገባ ስዕል ወይም የብሩሽ ጽሑፍ ነው፣ አንዱ ነብር፣ አንዱ ፉጂ ተራራ፣ አንዱ ጀልባ፣ አራተኛው ደግሞ ምን እንደሚል እሱም የማያውቀው ጽሑፍ። ምግብ ቤት ቢሆን ያስኬዳል። ሻይ ክፍል ግን አንድ ብቻ ነው የሚሰቀለው፣ እሱም ለዛች ቀን እንግዳ ተብሎ ነው፣ እንግዳው ሲሄድ ይወርዳል። (አብረው የተሠሩ ጥንድና ሦስትዮሽ ጥቅሎች አሉ፣ ለጊዜው እነሱን ተዉአቸው።)

የሚሰቀልበት ቦታ ቶኮኖማ ይባላል። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ግድግዳው ገባ ያለ ነገር ነው፣ ማንም አይረግጠውም፣ ዕቃም አይከመርበትም። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው እዛ ነው፣ ተንበርክኮ የታጠፈች ማራገቢያውን ከፊቱ ያስቀምጥና እጅ ይነሳል፣ ከዛ ቀና ብሎ ጥቅሉን ያያል። ቶኮኖማ ከሌላችሁ (ማን አለው ደግሞ) ከበር ሲገባ ፊት ለፊት የሚታይ ግድግዳ ምረጡና ስሩ ዝቅ ያለ ሳንቃ አድርጉ፣ በቃ። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ወይ ኤሲ የሚነፍስበት ወይ የማንቆርቆሪያው እንፋሎት የሚደርሰው ከሆነ ግን ሌላ ግድግዳ ፈልጉ፣ ምክንያቱም ካኬጂኩ እኮ በስንዴ ስታርች ማጣበቂያ ተደራርቦ የተለጠፈ ወረቀትና ሐር ነው፣ አንዴ እርጥበት አንዴ ድርቀት ሲፈራረቅበት ጠርዙ ይጠመዘዝና በኋላ ቀጥ በል ብትሉት አይልም።

ምርጫው ላይ አትቸኩሉ። የሻይ ሥርዓቱ ሊቅ ሴን ኖ ሪክዩ (እ.ኤ.አ. በ1591 ነው የሞተው) ከሻይ ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅሉ ነው ብሏል ይባላል፣ ስለዚህ ጋባዡ መጀመሪያ ጥቅሉን ይወስንና ማቻ (የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ) የሚጠጣበትን ጣባም አበባውንም ከሱ ጋር እያየ ይመርጣል። ከሁሉ የሚከበረው ደግሞ ስዕል ሳይሆን የዜን (የቡድሃ እምነት አንዱ ዘርፍ) መነኮሳት የጻፉት የብሩሽ ጽሑፍ ነው፣ ቦኩሴኪ ይሉታል፣ ጃፓን ኪዮቶ ከተማ ያለው የዳይቶኩጂ ገዳም መነኮሳት የጻፉት በተለይ ይፈለጋል። እጅ የሚነሳው ለወረቀቱ አይደለም፣ ለቃሉና ለጻፈው ሰው ነው። ስለዚህ የማታውቁትን ጽሑፍ አትስቀሉ፣ ሻጩ አንብቦ ይንገራችሁ፣ ለደስታ የሚሰቀል አለ ለሙት መታሰቢያ የሚሰቀል አለ፣ ልደት ላይ የመታሰቢያውን ሰቅላችሁ እንዳትገኙ። ለጀማሪ "ኒቺኒቺ ኮሬ ኮጂትሱ" የሚለው ጥሩ ነው፣ ቀን ሁሉ መልካም ቀን ነው ማለት ነው፣ ወቅት አይመርጥም።

ወቅት ያለው ከፈለጋችሁ ለአዲስ ዓመት ጥድ ወይ ሽመላ መሳይ ወፍ ወይ የምትወጣ ፀሐይ፣ ለመኸር ጨረቃ። እኔ የምወደው ግን ፏፏቴውን ነው፣ "ታኪ" የምትል አንዲት ፊደል ብቻ ናት፣ ላይ ላይ ወፍራም ሆና ትጀምርና አንዷ ጭረት ብሩሹ ቀለም እየጨረሰ ነጭ ነጭ እየተሰነጠቀች እስከ ወረቀቱ ግርጌ ትወርዳለች፣ ሐምሌ ላይ ኪዮቶ ሲያፍን እሷን ማየት ራሱ ያበርዳል። የነሱ በጋ ሐምሌና ነሐሴ መሆኑን አትርሱ፣ በኛ በጋ ካሰላችሁ እዛ ሰዉ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ፏፏቴ ትሰቅላላችሁ። ደግሞ አንድ ነገር ሁለቴ አይባልም፣ ስዕሉ አበባ ከሆነ ስሩ እውነተኛ አበባ አታስቀምጡ።

ስፋቱ የቶኮኖማው ሲሶ ገደማ ቢሆን ይበቃል፣ ግራና ቀኙ ባዶ ይሁን። ከፍታውን ቆማችሁ አትለኩ፣ እንግዳው መሬት ነው የሚቀመጠው፣ እናንተም ተቀመጡና እዩት። ጥቅሉ አጭር ሆኖ ላይ ከቀረ ገመድ አትቀጥሉበት፣ ጂዛይ የሚባል ከፍ ዝቅ የሚል ማንጠልጠያ አለ።

አሰቃቀሉ ላይ እኔ ጉድ ሆኜ ነው የተማርኩት። ኪዮቶ የሻይ ሥርዓት ትምህርት በጀመርኩ ሰሞን ሴንሴዬ (አስተማሪዬ) "ስቀለው" ሲሉኝ ክሩን ፈትቼ ሙሉውን ለቀቅኩት፣ ታች ያለው ዘንግ በክብደቱ ወርዶ "ጧ!" አለና ሐሩ ላይ እስካሁን የምትታይ አግድም ስንጥቅ ቀረች። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ያ ነው የከፋው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ጥቅሉን መሬት አስቀምጡና ማሰሪያውን ፍቱ፣ ትርፉን ክር ስዕሉ ላይ እንዳይንጠለጠል ወደ ጎን አድርጉት፣ ሁለቱ ከላይ የሚወርዱ ቀጫጭን ጨርቆች ታጥፈው ከሆነ ዘርጉ። ከዛ ትንሽ ብቻ ከፈት አድርጉና መንጠልጠያውን በያሃዙ ያዙት (ያሃዙ ጫፉ እንደ መንሽ የተሰነጠቀ የቀርከሃ እንጨት ነው)፣ በቀኝ እጅ ያሃዙውን፣ በግራ መዳፍ ጥቅሉን ከስር ደግፋችሁ ሚስማሩ ላይ አንጠልጥሉት። ከዛ በኋላ ነው ያሃዙውን አስቀምጣችሁ የዘንጉን ሁለት ጫፍ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ የምትለቁት፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ሸሸት ብላችሁ መዝመም አለመዝመሙን እዩ።

ሙሉ የሻይ ግብዣ ከሆነ ምግቡ አልቆ እንግዶቹ ለእረፍት ወደ አትክልቱ ሲወጡ ጥቅሉ ይወርድና በቦታው አበባ ይገባል፣ ሲመለሱ ክፍሉ ሌላ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ስታወርዱት ከታች ጀምራችሁ ጠቅልሉ፣ አታጥብቁ። የኛ ክታብ ብራና ነው፣ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ ነው ማኅደሩ የሚገባው፣ ምንም አይለውም፣ ይሄኛው ግን ሲጠብቅበት ይሰበራል። ማሰሪያው የሚያርፍበት ላይ ወረቀት ጣል አድርጉ፣ ከተቻለ የፓውሎኒያ እንጨት ሳጥኑ ውስጥ ክተቱ። ዝናባማ ቀን አታውጡት፣ በዓመት አንዴ ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ጥላ ውስጥ አናፍሱት፣ ካልሆነ ሻጋታና ብል ይቀድማችኋል።

ማስታወሻ ደብተርም ያዙ፣ ለማን የትኛውን እንደሰቀላችሁ ጻፉ፣ ድሮም የሻይ ሰዎች ይጽፉ ነበር፣ ያው አንድ እንግዳ ሁለቴ አንድ ዓይነት እንዳያይ። እኔ ደብተር ላይ "ፏፏቴው፣ ሐምሌ፣ ጎረቤቴ" የሚል ሦስት ጊዜ ተጽፏል፣ የሙቀት ጊዜ ጥቅሌ እሱ ብቻ ነዋ።