የአሜሪካን ሴኔት የአንድ ቀን ውሎ እንዴት መከታተል ይቻላል?

አክስቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ ካፒቶልን (ዋሽንግተን ያለውን የሁለቱን ምክር ቤቶች ሕንጻ) ላሳያት ወሰድኳት። ሴኔቱ ስብሰባ ላይ ነበር። ሰገነቱ ላይ እንደተቀመጥን ነጠላዋን አስተካክላ ቁልቁል አየች። መቶ ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰው። አንዱ ቆሞ ለብቻው ይናገራል። አንዷ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ሆና ወረቀት ታገላብጣለች። አክስቴ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ሰዎቹ የታሉ?» አለችኝ።

ያን ቀን የረባ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ፣ ቤት ሆኜም እከታተላለሁ። ነገሩ ለእኛም ይመለከተናል ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው። ወደ አዲስ አበባ የሚላክ አምባሳደር ሴኔቱ ሳያጸድቀው አይሾምም። ውልም እንዲሁ ነው፤ አጼ ምኒልክ በ1903 ከአሜሪካው መልእክተኛ ከሮበርት ስኪነር ጋር የተፈራረሙት የንግድ ውል ሳይቀር በዚህ ቤት አልፏል። (ዓመቱንም ቀኑንም ሰዓቱንም የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከዋዜማው ጀምሩ

ሴኔቱ ማታ ሲበተን የነገውን ውሎ ያሳውቃል። ስንት ሰዓት ይሰበሰባል፣ የትኛው ረቂቅ ይቀርባል፣ ድምፅ የሚሰጠው መቼ ነው፤ ይሄ ሁሉ በሴኔቱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ሳታዩት አትሂዱ።

ቀን መምረጥም ያስፈልጋል። ሰኞ ሴናተሮቹ ከየክልላቸው የሚመለሱበት ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ 5:30 ገደማ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ ልባቸው ኤርፖርት ነው። ማክሰኞ ከ12:30 እስከ 2:15 ፓርቲዎቹ ለየብቻቸው ምሳ ስለሚበሉ ስብሰባው ይቋረጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ረቡዕን እመርጣለሁ።

መግቢያ ያዙ

መግቢያው ነጻ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ከክልላችሁ ሴናተር ቢሮ ትጠይቃላችሁ። ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ደግሞ በካፒቶሉ የጎብኚዎች ማዕከል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ካለው የሴኔት መስተንግዶ ጠረጴዛ መጠየቅ ይችላል። የታችኛው ምክር ቤት መግቢያ ለሴኔቱ አያገለግልም። ባቡር ለሚጠቀም ዩኒየን ስቴሽን ወርዶ በእግር ጥቂት መንገድ ነው። ስልክና ካሜራ ሰገነቱ ላይ አይገባም፤ አስቀምጣችሁ ትገባላችሁ። ስለዚህ ማስታወሻ የምትይዙት በጭንቅላታችሁ ነው።

መሄድ ካልተመቻችሁ ሲ-ስፓን 2 የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከሰኔ 1986 ጀምሮ ስብሰባውን በቀጥታ ያስተላልፋል።

ጠዋቱን ለኮሚቴ ስጡ

የሴኔቱ ሥራ የሚቦካው ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ ዋናው አዳራሽ መጋገሪያው ነው። የአፍሪካ ጉዳይ የሚታየው በውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ነው። ይህ ኮሚቴ የሚሰበሰበው ብዙውን ጊዜ ከሴኔቱ የቢሮ ሕንጻዎች አንዱ በሆነው በደርክሰን ሕንጻ፣ ክፍል 419 ነው። ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ስብሰባ የሰገነት መግቢያ አያስፈልግም። ፍተሻውን አልፋችሁ ትሰለፋላችሁ። ለአምባሳደርነት የታጨ ሰው ሲጠየቅ ማየት ከፈለጋችሁ ቦታው እዚህ ነው።

መክፈቻው እንዳያመልጣችሁ

መዶሻው ይመታል። እጀታ የለውም፤ ወገቡ የቀጠነ ትንሽ ነገር ነው፣ በመዳፍ ተይዞ ነው የሚመታው። የቀድሞው በ1954 ኒክሰን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመሩ ተሰበረ። የአሁኑን በዚያው ዓመት ህንድ ሰጠች። ቀጥሎ የሴኔቱ ቄስ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ለሰንደቅ ዓላማው ቃል ይገባል፣ ከዚያ የሁለቱ ፓርቲ መሪዎች ይናገራሉ። መሪዎቹን በደንብ ስሟቸው፤ የቀኑን ጠብ የምታውቁት ከእነሱ ነው።

ተናጋሪው «ሚስተር ፕሬዚዳንት» ሲል ዋይት ሐውስ ያሉትን ማለቱ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሴኔቱ ፕሬዚዳንት የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ድምፅ የሚሰጡት ግን እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። በአዘቦት ቀን ወንበሩ ላይ የምታዩት በተራ የሚቀመጥ የአብላጫው ፓርቲ ሴናተር ነው፣ ብዙ ጊዜ አዲስ የገባ።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ በሪፐብሊካኖቹ በኩል፣ ከኋላው ረድፍ በር አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ አሳይዋቸው። መሳቢያው ከረሜላ የሚሞላበት ነው፣ ከ1965 ጀምሮ።

ዝምታውን ማንበብ ተማሩ

የአክስቴ ጥያቄ መልስ እዚህ ነው። ሥራ ለመሥራት 51 ሴናተር መኖር አለበት ይላል ሕገ መንግሥቱ። በተግባር ግን አንድ ሰው ተነስቶ «ምልዓተ ጉባኤ የለም» እስካላለ ድረስ እንዳለ ይቆጠራል። ሲባልም ሁለት ደወል ይደወላል፤ ጸሐፊው ስም መጥራት ይጀምራል፣ በጣም በዝግታ። አንድ ስም፣ ረጅም ዝምታ፣ ሌላ ስም። ቴሌቪዥን የምታዩ ከሆነ ሲ-ስፓን ክላሲካል ሙዚቃ ያሰማችኋል።

ስሙ የሚጠራው ሰው ለመሰብሰብ አይምሰላችሁ። ጊዜ ለመግዛት ነው። ከመድረክ ጀርባ መሪዎቹ እየተደራደሩ ነው፤ ወይም ቀጣዩ ተናጋሪ ከኮሚቴ እየመጣ ነው። ሲጨርሱ አንዱ ይገባና ጥሪው እንዲቀር ይጠይቃል። ሊቀመንበሩ «ተቃውሞ ከሌለ ጸድቋል» ይላሉ።

«ተቃውሞ ከሌለ» የምትለዋን አደራ ያዙልኝ። የቤቱ ቁልፍ እሷ ናት። ሴኔቱ አብዛኛውን ነገር የሚሠራው በሙሉ ስምምነት ነው፤ የንግግር ሰዓት፣ የድምፅ ቀጠሮ፣ ረቂቅ ማሳለፍም ጭምር። ከመቶው አንዱ «እቃወማለሁ» ካለ ያ አቋራጭ ተዘጋ፣ ረጅሙ መንገድ ይጀመራል።

ረጅሙ መንገድ ክሎቸር ይባላል፤ ክርክር መዝጊያ ነው። 16 ሴናተሮች ፈርመው ያቀርባሉ። መሐል አንድ ቀን አልፎ ድምፅ ይሰጣል። ለረቂቅ ሕግ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ከተገኘም በኋላ እስከ 30 ሰዓት ክርክር ሊቀጥል ይችላል። ለሹመት ግን በ2013ና በ2017 በተደረጉት ለውጦች ተራ አብላጫ ይበቃል፤ አምባሳደርም የሚያልፈው በዚሁ ነው። 60 ካልተገኘ ሁሉም ሰው እያወራ ያድራል ማለት አይደለም። ረቂቁ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ኮሪ ቡከር በ2025 እንዳደረገው 25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ቆሞ የሚናገር ሴናተር በዕድሜያችሁ አንዴ ብታዩ ነው።

ድምፅ ሲሰጥ አይናችሁን አትንቀሉ

አንድ ደወል ሲሰማ ባዶው አዳራሽ በደቂቃዎች ይሞላል። በታችኛው ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው በመሣሪያ ነው። እዚህ አሁንም ስም ይጠራል። ሴናተሮች ወደ ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ጠጋ ብለው በቃል ወይም በአውራ ጣት ያሳያሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2017፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ጆን ማኬይን ፊት ለፊት ቆመው አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ያደረጉት እዚያ ጋ ነው። ኦባማኬር የሚባለውን የጤና መድን ሕግ ለመሻር የቀረበው ሐሳብ 49 ለ 51 ወደቀ።

ጊዜው 15 ደቂቃ ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ያን ሰዓት ማን ከማን ጋር ጥግ ይዞ እንደሚያወራ ተመልከቱ። የተቃራኒ ፓርቲ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ሲንሾካሾኩ የምታዩት ያኔ ነው።

ማታውን ጠብቁ

ሰው ሁሉ የሚሄደው ከድምፁ በኋላ ነው። እናንተ ቆዩ። መጨረሻ ላይ የአብላጫው መሪ ወይም ወኪሉ ወረቀት ይዞ ይቆማል። በባዶ አዳራሽ በፍጥነት ያነባል፤ ይሄ ረቂቅ እንዲያልፍ፣ ያ የውሳኔ ሐሳብ እንዲጸድቅ። «ተቃውሞ ከሌለ ጸድቋል። ተቃውሞ ከሌለ ጸድቋል።» በደቂቃዎች ውስጥ የወራት ሥራ ያልፋል።

በ2021 ስለ ትግራይ ጦርነት የቀረበው 97ኛው የውሳኔ ሐሳብ ያለፈው ያለ ስም ጥሪ፣ በሙሉ ስምምነት ነበር። የደገፈውም የተቃወመውም ወገናችን በዚያ ሰሞን ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ወጥቷል። ሰልፉ አያስፈልግም አልልም፤ ዋጋ አለው። ግን ወረቀቱ ማታ ከመነበቡ በፊት መሪዎቹ ለመቶውም ቢሮ መልእክት ልከው «የሚቃወም አለ?» ብለው ጠይቀዋል። ያን ጊዜ ቢሮ ውስጥ ያለች አንዲት ወጣት ሠራተኛ ማስታወሻዋን ታያለች፤ ከክልላችን ሰው ደውሎ ያውቃል ወይ ትላለች። ስለዚህ ደውሉ፤ ረቂቁ ገና ኮሚቴ እያለ። የካፒቶሉ ማዞሪያ 202-224-3121 ነው። የክልላችሁን ሴናተር ቢሮ ጠይቁ፣ ስማችሁን፣ ዚፕ ኮዳችሁንና የረቂቁን ቁጥር ንገሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እንግሊዝኛችሁ እንዳያሳፍራችሁ፤ ቁጥሩን በትክክል መናገር ይበቃል።

በነጋታው መዝገቡን አንብቡ

የምክር ቤቱ ዕለታዊ መዝገብ በነጋታው በኮንግረስ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይወጣል። የሴኔቱ ገጾች ቁጥራቸው በ«ኤስ» ይጀምራል። መጀመሪያ ከኋላ ያለውን አጭር ማጠቃለያ አንብቡ፤ ምን እንዳለፈ፣ ማን እንደጸደቀ ተዘርዝሯል። ከዚያ ወደ ሙሉው ቃል ትሄዳላችሁ። ሰገነት ላይ ያመለጣችሁ ሁሉ እዚያ አለ፤ ማታ በባዶ አዳራሽ የተነበበውም።